ጅማን በምርቃት ሰሞን አትዩአት

አብዛኛው ሰው ጅማን የሚያውቃት በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ልጁ ተመድቦባታል፣ ወይ ልጁ ሊመረቅባት ነው። መጀመሪያ ፍራሽና ሻንጣ ተሸክሞ ይመጣል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አበባ ይዞ ይመጣል። መሀል ላይ ምንም የለም። በሁለቱም ጊዜ የሚያየው ያንኑ ነው፤ የግቢውን በር፣ የሰውን ብዛት፣ የተወደደውን አልጋ።

እኔ እዚያ ተምሬያለሁ። ከተመረቅኩ ወዲህም ምክንያት እየፈለግኩ እመላለሳለሁ። ስለዚህ ሰኔ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ሊመረቅ ነው፣ ጅማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነው። ልጃችሁን አስመርቁና ተመለሱ። ከተማዋን ለማየት ሌላ ጊዜ ኑ።

በምርቃት ሰሞን ጅማ ለማንም አትመችም። አልጋው ሁሉ ይያዛል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ባጃጁ «ኮንትራት ነው» ይላችኋል። ምግብ ቤት ገብታችሁ ያዘዛችሁት እስኪመጣ ረሀቡ ያልፍላችኋል። ዝናቡም ቀጠሮ አያከብርም፤ ጠዋት የተተኮሰ ሱፍ ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዋናው ሰው አብሯችሁ አለመኖሩ ነው። ልጁ ጋውኑን ለብሶ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ፎቶ ሲሮጥ ይውላል። የኖረበትን ሰፈር፣ በዱቤ የበላበትን ቤት፣ ጥናት ሲሰለቸው የሚቀመጥበትን ቦታ ሳያሳያችሁ ዕቃው ተጭኖ ጉዞ ወደ ቤት ይሆናል።

ጥቅምት ካለቀ በኋላ ኑ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ነው። ዝናቡ ፋታ ይሰጣል። ቡናው ቀልቶ ይለቀማል። ተማሪው ትምህርቱ መሀል ላይ ስለሆነ ከተማዋ ሥራዋ ላይ ናት። ልጃችሁም ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነው፤ ባይሆን እንኳ ቤተሰብ መጣብኝ ብሎ ከጥናት የሚያመልጥበት ምክንያት ያገኛል።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላንም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ሰሞኑን የተመላለሰ ሰው ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፤ እኔም ሳልጠይቅ አልወጣም። ሰላም ከሆነ ግን ቢያንስ አንዱን ጉዞ በመሬት አድርጉት። ወልቂጤ ላይ ቁርስና ምሳን አንድ አድርጋችሁ ክትፎ በቆጮ ትበላላችሁ። ጉራጌ አገር ላይ ሆኖ ሌላ ማዘዝ ነውር ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋ ላይ የተደረበው ሹራብ እዚህ ይወልቃል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ስትወጡ አገሩ ይለወጣል። አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ዛፉ ይበዛል፣ ከሰኮሩ ወዲያ የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ውሃ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ጅማ ሩቅ አይደለችም።

ጅማ ስትገቡ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚልካችሁ ጅሬን ነው። ይላካችሁ፤ ትክክል ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ያደርሳችኋል። ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ስትመለከቱ ቤቱ ለምን እዚህ እንደተሠራ ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም። የሚመጣውም የሚሄደውም ይታያል።

ቤቱ ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ነው። በረንዳው ዙሪያውን የተቀረጸ ነው። ባለቤቱ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ በጊዜ ገበሩና ግዛታቸው እንዳይፈርስ አደረጉ። ዙሪያቸው ያሉት ነገሥታት ዙፋናቸውን ሲያጡ እሳቸው ግብር እየከፈሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆዩ። አስጎብኚው ስለ ቁመታቸው ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። ከሁለት ሜትር በላይ ነበሩ ይባላል። ከተማ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ከጎበኛችሁ የግል ዕቃዎቻቸውን ታያላችሁ፤ ያኔ የቁመቱን ነገር ለማመን ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ጠይቁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በራሱ አይነሳም። ያ ሁሉ ሀብት ከቡናና ከማር ብቻ የመጣ አልነበረም። ሒርማታ፣ ማለትም የዛሬዋ ጅማ ከተማ የበቀለችበት ታላቅ ገበያ፣ በዘመኑ ከታወቁት የባሪያ መሸጫዎች አንዱ ነበር። ስለ በረንዳው ቅርጽ ሩብ ሰዓት አውርቶ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይናገር ጉብኝት እኔን አያጠግበኝም። ጠይቃችሁ ጥሩ መልስ የሚሰጥ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ጉርሻውን ጨመር አድርጉለት።

ከጅሬን ስትመለሱ ፈረንጅ አራዳ ላይ ወርዳችሁ ትንሽ በእግር ሂዱ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። የዚያን ጊዜ ሕንፃዎች ቀለማቸው ለቆ፣ ባለቤታቸው ተለውጦ አሁንም ቆመዋል። ብዙ ጊዜ አይወስድባችሁም። ሐሙስ ከሆነ ግን እሱን ትታችሁ ወደ ገበያ ሂዱ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ልምጣ። ብዙ ጎብኚ ግቢ ማለት ሕንፃ ይመስለዋል። በሩ ላይ መታወቂያ ሰጥቶ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ሰፊ ነው» ይላል፣ ይወጣል። ሰፊ ነው፤ አልክድም። ዋናው ግቢ አለ፣ ግብርናው አለ፣ ቴክኖሎጂው ቂጦ ፉርዲሳ ነው። ነገር ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግማሹ ያለው ከአጥር ውጭ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣው ግብርናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ እርዳታ፣ በኦክላሆማ ኮሌጅ አስተማሪዎች የተከፈተ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ ስመ ጥር የሆነው የአለማያ ኮሌጅም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ጅማ ነው፤ ይሄን ለሀረማያ ምሩቅ ስትነግሩ ፊቱን እዩት። የጤናው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 ተከተለ። ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኙት በ1992 ዓ.ም. ነው። የጤናው ተቋም ከጅምሩ ያመጣው አንድ ልማድ ነበረ። ተማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አይማርም፤ ቀበሌ ገብቶ፣ ቤት ለቤት ዞሮ፣ የሰውን ኑሮ መዝግቦ፣ ችግሩን ለይቶ ይመለሳል። ዛሬም አለ። ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ሥልጠና ማለት ነው፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ሲቢቲፒ ይለዋል። ዩኒቨርሲቲው «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚለውን መፈክሩን ያወጣው ከዚህ ነው።

መፈክር ሁሉ መፈክር ነው። ይሄኛው ግን ሰፈር ውስጥ ይታያል። የጅማ ሰው መጠይቅ ለምዷል። ሰጦ ሰመሮ አካባቢ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ተማሪው ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል። ባለፈው ስሄድ ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ልጆች ወረቀትና ክሊፕቦርድ ይዘው ከበሩ ቆመው ነበር። አዲሶች እንደሆኑ ከአቋቋማቸው ያስታውቃል።

«ሽንት ቤት አለን» አሉ አዴ፣ ሰላምታው ሳያልቅ። «ክዳን አለው። እጅ መታጠቢያም አለው። ውኃ ግን ከትናንት ጀምሮ የለም፣ እሱን በደንብ ጻፉ።»

ልጆቹ ተያዩ። አንደኛዋ ጥያቄው የት ገጽ ላይ እንዳለ ለማግኘት ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች።

«ቤተሰብ አምስት። ክትባት ሁሉም ጨርሰዋል። ቆሻሻ ማዘጋጃ ይወስዳል፣ ሲመጣ። ተቀመጡ እንጂ፣ ቆሞ ይጻፋል እንዴ? ቡና ትጠጣላችሁ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ጠይቀኸኛል እኮ፣ ዶክተር።»

«አዴ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። ስንቴ ልንገርዎት?»

«እሺ ዶክተር» አሉና ስኒውን አቀበሉኝ።

ጅማ ውስጥ ጋውን ለብሶ ያለፈ ሁሉ ዶክተር ነው። ፋርማሲ ተማር፣ አካባቢ ጤና ተማር፣ ለውጥ የለውም። ደግሞ ይጠይቋችኋል። ልጄ ጆሮውን ያመዋል፣ የስኳር መድኃኒቴን ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ከልጃችሁ ጋር ሰፈሩ ውስጥ ብትዞሩ ይሄን ታያላችሁ። አራትና አምስት ዓመት ምን ሲማር እንደቆየ ከዲግሪው ይልቅ ይሄ ይነግራችኋል።

የግቢውን ውስጥ ማየት ካማራችሁ ከልጃችሁ ጋር ግቡና ላውንጅ ተቀመጡ። ማታ ላይ ደግሞ ላይብረሪውን ከውጭ እዩት። ፈተና ሲደርስ ስፔስ መያዝ የሚባል ጦርነት አለ። አንዱ ደብተር አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሌላው ደብተሩን አንስቶ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው ሲመለስ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ይጨቃጨቃሉ። ጂሲ፣ ማለትም የዘንድሮ ተመራቂ ከሆንክ ትንሽ ትከበራለህ። ፍሬሽ ከሆንክ ቁም።

ሆድ ወደሚሞላው ነገር እንሂድ። ስለ ጅማ ምግብ የሚጠይቀኝ ሰው ትልቅ ሆቴል እንድነግረው ይጠብቃል። ሆቴሎቹ የትም እንዳሉት ሆቴሎች ናቸው፤ ጥብስ አለ፣ ክትፎ አለ፣ ይጣፍጣልም። እኔ የምላችሁ ግን ከግቢው በር ፊት ለፊትና ጀርባ ካሉት ቤቶች ጀምሩ ነው። የነን ካፌ ቤቶች። የግቢ ምግብ ያልተስማማው ተማሪ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ ይበላል፤ እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት ለእሱ ነው። ግድግዳቸው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው፣ አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሜኑ በር ላይ ተለጥፏል። ከተለጠፈው ግማሹ አልቋል። ሽሮ ግን አያልቅም።

እዚህ ቤት ምግብ የሚመዘነው በጭማሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ወጡ ጣዕም እናወራለን። የጅማ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጭማሪ አለ?» ብሎ ነው። እንጀራ ያለ ሒሳብ የምትጨምር ባለቤት ስሟ ከግቢ እስከ ግቢ ይሰማል። የምትሰስት ደግሞ በሳምንት ውስጥ ባዶ አግዳሚ ታቅፋ ትቀራለች። ሽሮው ራሱ እየፈላ፣ እየተንፈቀፈቀ በሸክላ ይመጣል። በርበሬው ይለያል፤ አፍንጫ ይከፍታል። አብሮት ቃሪያ ይቆረጣል። ቤቱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ የማታው እንጀራ በማግስቱ ጠዋት ፍርፍር ይሆንና ከመጀመሪያው ምግብ በላይ ይጣፍጣል። እኔ አሁንም ጅማ ስሄድ ቁርሴን የምበላው እዚያ ነው።

ጣፋጭ ቁርስ ለፈለገ ደግሞ ጨጨብሳ በማር አለ። ማሩ ከገራና ከአካባቢው ጫካ የሚመጣ ነው። ጫካው ውስጥ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩም እንደ አበባው ዓይነት ቀለሙ ይለያያል፤ ነጣ ያለም ጠቆር ያለም ታገኛላችሁ። ጨጨብሳው ላይ ቅቤና በርበሬ ካለ፣ ማሩን ከላይ አፍስሱበትና ዝም ብላችሁ ብሉ።

ጁስ ቤቶቹን አትለፉ። ጅማ ፍራፍሬ አገር ናት። አቮካዶው ጓሮ የሚበቅል ነው፤ ሰው ቤት ሄዳችሁ ስትወጡ በፌስታል ይሰጧችኋል። ስፕሪስ ስታዝዙ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ወይም ፓፓያው ከላይ ተደራርቦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይመጣል። በማንኪያ ነው የሚበላው። ሁለት ሰው አንድ ብርጭቆ ይበቃዋል። ለተማሪ ግን ይሄ እራት ነው። ወር መጨረሻ ላይ ስንቱ ከእናቱ የተላከውን ብር ሲጠብቅ በአንድ ጁስ አድሯል!

ሌላ ቦታ በቀላሉ የማታገኙት ቀሪቦ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ በውኃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ጠዋት ቡናማ፣ ቀዝቃዛ፣ ምላስ ላይ ትንሽ የሚቆነጥጥ መጠጥ ይሆናል። አያሰክርም። የሙስሊም ሠርግና ዒድ ያለ ቀሪቦ አይደምቅም። መጀመሪያ ስትጠጡት ጠላ መስሏችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ጠላ አይደለም። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ይገባችኋል። ከማር የሚበረዘው ብርዝም አለ፣ እሱ ግን የጅማ ብቻ አይደለም።

ጉዟችሁ ከረመዳን ጋር ከገጠመ ዕድለኞች ናችሁ። ቀን ላይ ብዙ ቤት ዝግ ነው። ማፍጠሪያው ሲቃረብ ግን መንገዱ ዳር ምጣድ ይሰለፋል። ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ይንጫጫል፣ ሾርባው ይቀዳል፣ ተምር ይደረደራል። በእኛ ጊዜ ዶርም ውስጥ ከነበርነው ግማሻችን ክርስቲያኖች ነበርን። ሰዓቷን ግን ከጾመኛው እኩል እንጠብቅ ነበር። የጾም ሳምቡሳ የምስር ነው፣ የሥጋውም አለ፤ እኛ ግን በሁዳዴም በረመዳንም ምስሩን ተስማምተን እንበላ ነበር። ሥጋ ማዘዝ ካማራችሁ ደግሞ ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ቀድማችሁ እዩ፤ ምልክቱ በር ላይ አለ። ጅማ ውስጥ ይሄ ማንንም አያስቀይምም፣ መጠየቅ ያለ ነው።

ቡናን ለብቻው ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። መንገድ ዳር ከየትኛውም ረከቦት ፊት ተቀመጡ፣ ጥሩ ነው። የገጠር ሰው አጠገባችሁ ከተቀመጠ ጨው ሲጠይቅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፤ እናንተም ሞክሩት። ግን ኅዳር ላይ ጅማ መጥቶ ስኒ ብቻ ይዞ መመለስ ያስቆጫል። ጠዋት ተነሱና የአጋሮን መንገድ ያዙ።

ከከተማው ብዙ ሳትርቁ መልኮ የሚባለውን ታልፋላችሁ። የእርሻ ምርምሩ ያለው እዚያ ነው። ከውጭ ሲያዩት ለጎብኚ የሚሆን ነገር የለውም፣ ዛፍና አጥር ነው። ታሪኩ ግን ትልቅ ነው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬውን ዛፉ ላይ እያለ የሚያጠቁር በሽታ አገሪቱ ውስጥ ገባ። ባለሙያዎቹ መድኃኒት ከመርጨት ሌላ መንገድ ፈለጉ። የደቡብ ምዕራቡን ጫካና የገበሬውን ጓሮ እየዞሩ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠቁር በሽታው ያልነካውን እናት ዛፍ መልቀም ጀመሩ። ከዚያ የወጡት ዝርያዎች ዛሬም የሚጠሩት በቁጥር ነው። 74110፣ 74112፣ 74158። ሰባ አራቱ ዛፉ የተመረጠበትን 1974 ይነግራል። ውጭ አገር ውድ ቡና የሚሸጥበት ከረጢት ላይ ይሄ ቁጥር ተጽፎ ሳይ ደስ ይለኛል። ገዢው የቡናው ስም ይመስለዋል። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ሄዶ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ማስታወሻው ላይ የጻፈው ቁጥር ነው።

ከመልኮ ወዲያ መንገዱ በቡና መሀል ይሄዳል። ቡናው ጥላ ሥር ነው፣ ከላይ ዋንዛውና ግራሩ አለ። በዚህ ወቅት እሸት ቡና የያዘ ቅርጫት፣ ጆንያ የጫነ አህያ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ታያላችሁ። ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ የፈላ ፍራፍሬ ይሸታል። ወርዳችሁ ገበሬውን ብታናግሩ አንድ ፍሬ ቀጥፎ ይሰጣችኋል። ፈልቀቅ አድርጋችሁ ምጠጡት። ቡና ቡና አይልም፣ ስኳር ስኳር ይላል።

ለረጅም ጊዜ የጅማ ቡና በንግዱ ዓለም የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ነበር። ከተላኪው ቡና ዝቅተኛው ረድፍ ማለት ነው። ቡናው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። የበሰለውም ያልበሰለውም አብሮ ይለቀማል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ጥራቱ እዚያው ያልቃል። ከጊዜ በኋላ የአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ማጠቢያ ተከሉ፣ ቀይ ቀዩን ብቻ መረከብ ጀመሩ። ዱሮሚና የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው፣ አፈሩም ያው ነው። የተለወጠው ከለቀማ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። የጅማ ሰው ይሄን ሲተርክ ደረቱ ይነፋል። ይነፋ፤ ይገባዋል።

አጋሮ አጠገብ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ። ቡና የተገኘው እዚህ ነው ይሏችኋል። እረኛው ካሊድ ነበር፣ ፍየሎቹ እዚህ ነው የፈነጠዙት። ወደ ቦንጋ ከሄዳችሁ ደግሞ የከፋ ሰው ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን እያሳየ «የምን ጮጬ» ይላችኋል። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋም የለኝም። ማለቴ፣ አቋሜ ቡና የቀዳልኝ ሰው አቋም ነው።

ወደ ከተማ ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁ ቦዬ ሂዱ። ከከተማው ጥግ ያለ ረግረግ ነው፣ ጉማሬ አለበት። ወደ ማታ ላይ ጥሩ ነው፤ ወፉም ብዙ ነው። ጉማሬው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ አትቀርቡት። ረግረጉ የከተማዋን ቆሻሻ የሚሸከም መሆኑ ግን ያሳዝናል። በመሀል ከተማ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ የሚወስደው ሁሉ ወደዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ስለ ቦዬ ውኃ ስንት ጥናት ሠርተዋል። የተጠናውን ያህል ቢጸዳ ኖሮ ዓሣ እናጠምድበት ነበር።

ኳስ የሚወድ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን መውሰዱን አትርሱ። ባጃጅ ነጂው እሱን ካነሳችሁለት ከጅሬን እስከ መነኸሪያ አፉ አይዘጋም። ዋጋውን ግን አይቀንስላችሁም።

ስለ ጫት ብዙ አልልም። ተማሪ ሰፈር ውስጥ በየበሩ ታዩታላችሁ። ወላጅ ከሆናችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ልጃችሁም «እኔ አልቅምም» ይላል። እመኑት፣ ወይም አትመኑት። ይሄ የእናንተ የቤት ጉዳይ ነው።

የሚገዛ ነገር የሚሉኝ አሉ። ማር ግዙ፣ ግን ቅመሱ፤ ሻጩ ራሱ በጣት አንስቶ ያቀምሳችኋል። ቡና ግዙ፣ ሳይቆላ። ከሁለቱ በላይ ግን የእንጨት ሥራውን ተመልከቱ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። እግሩ ሦስት ነው፣ ስለዚህ ወጣ ገባ መሬት ላይም አይወዛወዝም። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ነው። ጥሩው ከዋንዛ የተሠራ ነው። ገልብጡና እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን እዩ። ስንጥቅ ካለ እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የተሠራው ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ጠራቢው ስንጥቁን በሰም ደፍኖት እንደሆነ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። አይቆጣም። እንደምታውቁ ካየ እንዲያውም ከጓሮ የተሻለውን ያመጣል።

ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን አታዋርዱት፤ የቀናት ሥራ ነው። መነኸሪያ ስትደርሱ ደግሞ የሃይሩፉ ረዳት በርጩማውን አይቶ «ይሄ እንደ ሰው ነው የሚከፈልበት» ሊላችሁ ይችላል። ጭን ላይ ይያዛል በሉት። እንቢ ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ሂዱና መተላለፊያው ላይ አስቀምጡት፤ መንገድ ላይ ትርፍ ሰው መጫኑ ስለማይቀር ያ ሰውዬ ይቀመጥበታል።